«አሁን ለቀቃቸው» ማለት አለፈላቸው ማለት አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፣ ደም ብዛት አለባቸው። ትላንት ጠዋት ቁጭ ብለው እያወሩን ድንገት በቀኝ እጃቸው የያዙት ብርጭቆ ወደቀ፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ የሚናገሩት አልገባን አለ። ደንግጠን ውሃ ሰጠናቸው፣ አስተኛናቸው፣ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሁሉም ለቀቃቸው። ዛሬ ምንም የላቸውም፣ ሐኪም ቤት አልሄድም ብለው እምቢ ብለዋል። ስትሮክ ነበር እንዴ? ድጋሚ ቢመጣስ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? አስፕሪን ገዝተን አስቀምጠናል።»

እህቴ መልሱን መጀመሪያ ልንገርሽ ምክንያቱን ኋላ አመጣዋለሁ። አባትሽን ዛሬ፣ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ለሳምንት ቀጠሮ ተይዞ የሚኬድበት ነገር አይደለም። መኪና እስኪመጣ ወይ መንገድ ላይ ሆነሽ የቀረውን ታነቢዋለሽ።

የነርቭ ሐኪም ነኝ፣ ስትሮክ በየቀኑ አያለሁ፣ ከሁሉም አብልጦ የሚያንገበግበኝ ግን ልክ እንዳንቺ አባት ማስጠንቀቂያው ቀድሞ መጥቶላቸው «ለቀቀኝ» ብለው ቤት የተቀመጡትና በማግስቱ ወይ በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ የሚመጡት ናቸው። ቤተሰቡን ስጠይቅ ሁሌ አንድ አይነት ነገር ነው የሚነግሩኝ፣ «ከትናንት ወዲያ ትንሽ ነካ አድርጎት ነበር ግን ተሻለው» ይሉኛል። ያቺ «ትንሽ ነካ አድርጎት» የምትባለው ነገር ናት ልንይዛት የምንፈልገው።

የገለጽሽው ነገር እኛ ቲአይኤ የምንለውን ይመስላል፣ ሰው ሚኒ ስትሮክ ይለዋል፣ እኔ ግን ስሙን አልወደውም ምክንያቱም ሚኒ ሲባል ቀላል ነገር ይመስላል። ምን ይሆናል መሰለሽ፣ ወደ ጭንቅላት ደም የሚወስደው ደም ስር ውስጥ ትንሽ የረጋ ደም ይገባና መንገዱን ይዘጋዋል፣ ከዛ በኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ደም ስለማይደርሰው ስራ ያቆማል፣ እጅ የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ከሆነ እጅ ይወድቃል፣ የንግግሩ ከሆነ ንግግር ይጠፋል። ዕድለኛ ከሆኑ ሰውነት ራሱ የረጋውን ያሟሟዋል፣ ደሙ ይመለሳል፣ ሰውየውም ይነሳል። ነገር ግን ያንን የረጋ ደም የላከው ቦታ የትም አልሄደም እኮ፣ አንገት ላይ የጠበበ ደም ስር ሊሆን ይችላል፣ ምቱ የተዛባ ልብ ሊሆን ይችላል፣ እዛው ቁጭ ብሎ ሁለተኛውን እያዘጋጀ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ላይሟሟ ይችላል።

ቲአይኤ ካገኛቸውና በወቅቱ ካልታከሙ 100 ሰዎች ወደ 10 የሚጠጉት በ3 ወር ውስጥ ሙሉ ስትሮክ ያገኛቸዋል፣ ከነሱም ግማሽ ያህሉን የሚያገኛቸው በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ ነው። ትላንት ጠዋት ነው ያልሽው አይደል? እንግዲህ አሁን ያለሽው እዛ ሁለት ቀን ውስጥ ነው፣ ለዛ ነው አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺ የምልሽ። ደግሞ ደስ የሚለው ነገር ይሄ አደጋ በጣም ሊቀንስ የሚችል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ እንግሊዝ ኦክስፎርድ ውስጥ የተሰራ ጥናት ነበር፣ ቲአይኤና ቀላል ስትሮክ ያገኛቸው ሰዎች ወዲያው ታይተው መድኃኒት ሲጀመርላቸው ተከታዩ ስትሮክ ወደ 80 ፐርሰንት ገደማ ቀነሰ። መድኃኒቶቹ እንግዳ ነገሮች አልነበሩም፣ የታወቁት የደም ማቅጠኛ፣ የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ናቸው፣ ልዩነቱን ያመጣው ቶሎ መጀመራቸው ነው።

እሺ አሁን ድጋሚ ቢመጣ እንዴት ታውቂዋለሽ ወደሚለው እንሂድ። አንድ ቃል ያዢልኝ፣ «ድንገት» የምትለዋን። ስትሮክ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ በሳምንት የሚመጣ ድካም አይደለም፣ ከደቂቃ በፊት ደህና የነበረ ሰው አሁን ሌላ ሰው ይሆናል። ሁለተኛው ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ይሄን ሰው አያውቅም፣ ልብ ሲታመም ደረት ስለሚያቃጥል ሰው ይጮሃል ይሮጣል፣ እጅ ሲደነዝዝ ግን ስለማያም «ተኝቼበት ነው» ብሎ ዝም ይላል።

ፊታቸውን እይ፣ «ፈገግ በሉ» ሳይሆን «ጥርስዎን ያሳዩኝ» በያቸው፣ በድንጋጤ መሃል ፈገግ በል ሲባል የሚስቅ ሰው የለም፣ ጥርስ አሳይ ሲባል ግን ሁሉም ያሳያል። አንዱ የአፍ ጥግ ካልተነሳ ወይ ከዓይን በታች ያለው አንዱ ጎን የተንጠለጠለ ከመሰለ በቂ ነው። ከዛ ሁለት እጃቸውን መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ ከፊታቸው ይዘርጉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍኑ፣ አንቺ እስከ 10 ቁጠሪ። አንዱ እጅ ቀስ እያለ ወደ ታች ከወረደ ወይም መዳፉ ወደ ውስጥ ከዞረ ያ ጎን ደክሟል። ዓይን ማስጨፈኑን አትርሺ፣ ዓይን ክፍት ከሆነ ሰው እጁ ሲወርድ እያየ ያስተካክለዋል። ከዛ ንግግር፣ አንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር በያቸውና ይድገሙት፣ «ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል» ምናምን፣ ምንም ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ከሦስቱ አንዷ እንኳን ድንገት ከተበላሸች አበቃ፣ ሌላ ምርመራ ቤት ውስጥ አያስፈልግም፣ አምቡላንስ ይጠራ።

ንግግሩ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። የንግግር መበላሸት ሁለት መልክ አለው፣ አንዱ ምላስ ተሳስሮ እንደሰከረ ሰው መንተባተብ ነው፣ ያንን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ድምፁ ጥርት ያለ ሆኖ ቃሉ የተሳሳተ ሲሆን ነው። አንዲት እናት መጥተው ብዕር አሳየኋቸው፣ «ቁልፍ» አሉኝ፣ ሰዓቴን አሳየኋቸው፣ አሁንም «ቁልፍ» አሉኝ፣ ራሳቸውም ልክ እንዳልሆነ ገብቷቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ ግን ሌላ ቃል አልመጣም። ልጆቻቸው «ጭንቀት በዝቶባት ቃዠች» ብለው ሲያረጋጓቸው ነበር ያረፈዱት። ጤነኛ የነበረ ሰው ድንገት ያልሆነ ነገር ማውራት ከጀመረ ወይም የሚባለው አልገባው ካለ ስትሮክ ይሆናል ብለሽ ጀምሪ፣ ጭንቀት ከሆነ ሐኪም ቤት ይነገርሻል።

ሌላው ደግሞ ፊት፣ እጅና ንግግር ላይ የማይታይ ስትሮክም አለ፣ ከኋላ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ሲመታ ድንገት ሚዛን ይጠፋል፣ ቆሞ መራመድ ያቅታል፣ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ወይም የሁለቱም ዓይን እይታ በአንድ በኩል ይቆረጣል። የአንድ ዓይን ብርሃን ብቻ ድንገት ከጠፋም ምንጩ ሌላ ቢሆን እንኳን እንደዛው ድንገተኛ ነው። በሕይወቱ አይቶ የማያውቀው አይነት ኃይለኛ ራስ ምታት በሰከንዶች ውስጥ ጣራ ላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈሶ ሊሆን ስለሚችል እሱም እንደዛው ነው የሚታየው፣ ድንገተኛ።

አሁን ከሁሉም በላይ የምፈራው ነገር ላይ ደርሻለሁ፣ እሱም በሽተኛው «ደህና ነኝ» ሲል ማመን ነው። አንድ አባት ነበሩ፣ የቀኝ አንጎላቸው ተመቶ ግራ ጎናቸው ሙሉ በሙሉ ተኝቷል። ግራ እጃቸውን አንስቼ ፊታቸው አድርጌ «ይሄ የማን እጅ ነው?» ስላቸው «ያንተ» አሉኝ። እየቀለዱ አልነበረም። እጅዎን ያንሱ ስላቸው «አነሳሁ እኮ» ይሉኛል፣ እጁ አልጋው ላይ እንዳለ ነው። አንጎል የተመታው ቦታ የራስን ጎን የሚያውቀው ቦታ ሲሆን ሰውየው መታመሙን ራሱ አያውቀውም፣ እየዋሸም እየደበቀም አይደለም። ስለዚህ «ምን ይሰማዎታል» ብለሽ ጠይቀሽ በመልሱ አትወስኚ፣ በዓይንሽ ባየሽው ወስኚ። «ቁልፍ» ያሉኝ እናት ቤተሰባቸውን የሰሙ፣ እኚህ አባት ደግሞ ራሳቸውን የሰሙ ናቸው፣ ሁለቱም ላይ ሰዓት ሄደ።

ሰዓቱ ለምንድነው እንዲህ የሚያስጨንቀን? ትልቅ ደም ስር ተዘግቶ ሳይታከም ሲቆይ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚገመት የነርቭ ሴል ይሞታል። የሞተው ሴል አይመለስም፣ ዙሪያው ያለው ግን ደም አንሶት ተኝቶ የሚጠብቅ ክፍል አለ፣ እኛ የምንሮጠው ለሱ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ የሚባለው መርፌ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲረጋገጥ ምልክቱ ከጀመረ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ነበር የሚሰጠው፣ በ2008 እስከ 4 ሰዓት ተኩል እንደሚሰራ ታወቀ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ከብሽሽት ወይ ከክንድ በቀጭን ቱቦ ገብቶ የረጋውን ደም ስቦ የማውጣት ሕክምና፣ ትሮምቤክቶሚ የሚባለው፣ ትልቅ ደም ስር ለተዘጋባቸው ሰዎች እንደሚጠቅም ተረጋገጠ፣ መጀመሪያ እስከ 6 ሰዓት፣ ከ2018 ወዲህ ደግሞ በምስል ተመርጠው ለአንዳንዶቹ እስከ 24 ሰዓት ድረስ። ግን 24 ሲባል ሰው ገና ጊዜ አለኝ ብሎ እንዳይዘናጋ እፈራለሁ፣ መርፌውን በአንደኛው ሰዓት ያገኘ ሰውና በአራተኛው ሰዓት ያገኘ ሰው አንድ አይደሉም፣ አንዱ ሸሚዙን ራሱ ይቆልፋል፣ ሌላው የሚቆልፍለት ሰው ይፈልጋል።

ለዛ ሲባል ልክ ምልክቱን ስታዪ ሰዓት እይና ጻፊ፣ እጅሽ ላይም ቢሆን ጻፊ። ሐኪሙ የሚጠይቅሽ የመጀመሪያው ነገር «መቼ ጀመረ» ነው፣ በትክክል ሲጠየቅ ደግሞ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት መቼ ነው» ነው። ሁለቱ ይለያያሉ፣ ሰው ማታ 4 ሰዓት ደህና ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት ሽባ ሆኖ ቢነሳ የምንቆጥረው ከማታ 4 ሰዓት ነው። እንደዛም ሆኖ «እንግዲህ አልፏል» ብላችሁ አትቅሩ፣ ኤምአርአይ ወይም ሌላ የአንጎል ምስል ባለበት ሆስፒታል ተኝተው የተነሱትም መታከም የሚችሉበት መንገድ አለ።

አስፕሪኑ ጋ እንምጣ፣ ጠይቀሽኛልና። ምልክቱ እያለ ቤት ውስጥ አስፕሪን አትስጪ። ስትሮክ ሁለት አይነት ነው፣ አብዛኛው ማለትም ከ100 ወደ 85 የሚሆነው በመዘጋት የሚመጣ ነው፣ የቀረው ደም ስር ፈንድቶ ደም በመፍሰሱ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ፊት ይጣመማል እጅ ይወድቃል፣ እኔም በ20 ዓመት ልምድ ይሁን ምን በዓይኔ አይቼ ልለያቸው አልችልም፣ የአንጎል ምስል የሚያነሳው ሲቲ ስካን ነው የሚለያቸው። እየደማ ላለ ጭንቅላት አስፕሪን ስትሰጪ ደሙ እንዳይቆም እያገዝሽ ነው። አስፕሪን ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለአባትሽም ምናልባት ዛሬ ይታዘዝላቸው ይሆናል፣ ግን ከምስሉ በኋላ።

ውሃውንም ተይው። ምንም ነገር በአፍ አይሰጥ፣ ኪኒንም ምግብም ውሃም። ስትሮክ ላይ መዋጥ በጣም ብዙ ጊዜ ይበላሻል፣ የሰጠሽው ውሃ ወደ ሳንባ ይገባና ከስትሮኩ በላይ የሳንባ ምች ይጨመርበታል። ትላንት ስላጠጣችኋቸው አትጸጸቺ፣ ደህና አልፏል፣ ለወደፊቱ ነው የምልሽ።

የግፊት መድኃኒት ደርቦ መስጠትም እንደዛው። በስትሮክ ሰዓት ግፊት ይወጣል፣ መለኪያ ቤት ካለ 190 ምናምን አይታችሁ ትደነግጣላችሁ፣ ግን ደም ስሩ ተዘግቶ ከሆነ ያ ግፊት በጎን በኩል ለተራበው አንጎል ትንሽ ደም እየገፋለት ነው፣ ድንገት ብታወርጂው ጉዳቱን ታሰፊዋለሽ። እኛ ራሳችን ሆስፒታል ውስጥ የሚያሟሟውን መርፌ ለማንሰጠው ሰው ግፊቱ 220 በ120 እስኪያልፍ ድረስ ብዙ ጊዜ ለማውረድ አንቸኩልም፣ መርፌውን ለመስጠት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ከ185 በ110 በታች እናወርደዋለን፣ ሁሉም በልክና በክትትል ነው። የጣት ጫፍ በመርፌ ወግታችሁ ደም አፍስሱ እየተባለ በስልክ የሚዘዋወረው ነገር ደግሞ ፍጹም ውሸት ነው፣ ከጣት የሚወጣው ጠብታ ጭንቅላት ውስጥ የተዘጋውን አይከፍተውም፣ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ደቂቃ መብላት ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ካልሽ፣ ጠቅላላ ስራው ትንሽ ነው። አምቡላንስ ጥሪ፣ «ስትሮክ ይመስለኛል» የሚለውን ቃል ተጠቀሚ፣ ሆስፒታሉ ቀድሞ እንዲዘጋጅ ያደርገዋል። አምቡላንስ የሚዘገይበት ቦታ ከሆናችሁ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ፣ ግን በቅርብ ወዳለው ክሊኒክ ሁሉ ሳይሆን ሲቲ ስካን ሌሊትም ወደሚሰራበት ሆስፒታል። የቱ እንደሆነ ዛሬ በሰላሙ ቀን ደውለሽ አጣሪና ስልክሽ ላይ ያዢው፣ በጭንቅ ሰዓት ሦስት ቦታ እየዞሩ ሰዓት የጨረሱ ቤተሰቦች አይቻለሁ። እስክትደርሱ ራሳቸውን ከሳቱ ወይ ካስመለሳቸው በጎን አስተኚያቸው፣ ክራቫት ኮሌታ ምናምን ላላ አድርጊ፣ የደከመውን እጅ ይዘሽ አትጎትቺ፣ ትከሻው በቀላሉ ይወልቃል። ትንፋሽ ካቆሙ ደረት መጫን ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነና መለኪያው ቤት ካለ ስኳር ለኪ፣ ስኳር በጣም ሲወርድ ቁጭ ስትሮክ ሊመስል ይችላል፣ ግን ለመለካት ብለሽ መንገዱን አታዘግዪው፣ መኪና ውስጥም ይለካል።

ሌላ የሚያደናግረው የፊት ነርቭ ብቻ ሲታመም ነው፣ «ብርድ መታው» የሚባለው። ብዙውን ጊዜ እዛ ላይ ግንባርም አብሮ ይሞታል፣ ቅንድብ አንሳ ስትዪው በዛ ጎን አይነሳም፣ ዓይኑም በደንብ አይከደንም። በስትሮክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግንባሩ ይሰራል፣ የሚወርደው ከታች ነው። ይሄን የነገርኩሽ እንድታውቂው እንጂ ቤት ሆነሽ እንድትለዪበት አይደለም፣ አባትሽ ደግሞ እጃቸውም ንግግራቸውም ስለተነካ የፊት ነርቭ ብቻ ነው የሚባልበት ምክንያት የለም።

ዛሬ ስትደርሱ የአንጎል ምስል ያነሷቸዋል፣ ስኳርና ሌላም የደም ምርመራ ይሰራል፣ የአንገት ደም ስር በአልትራሳውንድ ወይ በሲቲ ይታያል፣ የልብ ምትን የሚመዘግበው ኢሲጂ ይነሳል። ሲቲው «ንጹህ ነው» ቢባል ደስ ብሏችሁ ወደ ቤት እንዳትመለሱ፣ ቲአይኤ ላይ ሲቲ ንጹህ መሆኑ የተለመደ ነው፣ የመዘጋት ስትሮክም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይታይ ይችላል። ኢሲጂው ላይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት እንዳለ ጠይቂ፣ እሱ ስትሮክን ወደ 5 እጥፍ ያሳድጋል፣ መድኃኒቱም ከአስፕሪን የተለየ ነው፣ እየመጣ ስለሚሄድም አንድ ጊዜ አለመታየቱ የለም ማለት ስላልሆነ ልባቸው ለረዘም ያለ ጊዜ በማሽን እንዲታይ ጠይቂ። አንገት ላይ በጣም የጠበበ ነገር ከተገኘ ደግሞ በቀናት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ሊታሰብ ይችላል።

አልሄድም ማለታቸውን በተመለከተ፣ ክርክር ውስጥ አትግቢ። ደህና ነኝ ሲሉሽ እውነታቸውን ነው፣ አሁን ደህና ናቸው። «ታመዋል» ስትያቸው ይቃወሙሻል፣ «ትላንት ያየሁት አስፈርቶኛል፣ ለኔ ብለው ይምጡልኝ» ስትያቸው ግን ስንት አባት እያጉረመረመ ጫማውን ሲያደርግ አይቻለሁ። ትላንት አጠገባቸው የነበረ ሰው አብሮ ይሂድ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ከነካርቶኑ በፌስታል ያዢ። በር ላይ ነርሷ ምን ሆነው ነው ስትል «አሁን ደህና ናቸው ግን...» ብለሽ አትጀምሪ፣ እንደዛ ካልሽ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። እንዲህ በያት፦ «ትላንት ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ድንገት ቀኝ እጃቸው ደከመ፣ አፋቸው ተጣመመ፣ ንግግራቸው ጠፋ፣ 20 ደቂቃ ቆይቶ ለቀቃቸው፣ ደም ብዛት አለባቸው።» ሰዓቷን ትክክለኛዋን አንቺ ሙያት፣ እኔ ለምሳሌ ያህል ነው ያስገባኋት።